የሥራችሁን ወረቀት ተከትላችሁ ውጡ

ውድ ወጣቶች፣

አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ብቁ ሆኖ መታየት ነው። እኔ ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ብዙ አዲስ ሠራተኞችንም ተቀብዬ ሥራ አስይዣለሁ። በመጀመሪያው ወር ተአምር የሚጠብቅባችሁ የለም። በሰዓታችሁ ከተገኛችሁ፣ የተነገራችሁን ካዳመጣችሁና ያልገባችሁን ከጠየቃችሁ ቀጣሪያችሁ ደስተኛ ነው። ጉብዝናችሁን ለማሳየት ስትጣደፉ የሚባክነው ለመማር የተሰጣችሁ ጊዜ ነው።

ለመጠየቅም ጊዜ አለው። በሁለተኛው ሳምንት «ይህ ቅጽ በሦስት ቅጂ የሚሞላው ለምንድን ነው?» ብትሉ ሰው ሁሉ በደስታ ያስረዳችኋል። ያንኑ ጥያቄ ከዓመት በኋላ ይዛችሁ ብትመጡ ግን «እስከ ዛሬ ምን ሲሠራ ነበር?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ አሁኑኑ ጠይቁ፣ መልሱንም እዚያው ጻፉት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሳቸው ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ያጠናውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ እንደሆነና ከዚያ በኋላ የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በመጀመሪያው ቀን የሃያ ሰው ስም፣ የይለፍ ቃልና የፋይል ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነገራችሁ ማታ ጭንቅላታችሁ ባዶ ቢመስላችሁ አትደንግጡ። ማስታወሻ ደብተር የሚያዘው ለዚህ ነው። አንድን ሰው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ብትጠይቁት ይታገሣችኋል፤ በአራተኛው ግን ይሰለቻል።

ከምመክራችሁ ሁሉ ግን የምታዘጋጁት ሥራ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅን አስቀድማለሁ። በአንድ ወቅት እኛ ክፍል አንዲት ወጣት ተቀጠረች። ድርሻዋ በየወሩ መጨረሻ የወጪ ሪፖርት አዘጋጅቶ ለሦስት ክፍሎች መላክ ነበር። ከእርሷ በፊት የነበሩት ሁሉ ሪፖርቱን ለተላላኪ ሰጥተው ይገላገላሉ። እርሷ ግን በሁለተኛው ወር ኃላፊዋን አስፈቅዳ ራሷ ይዛው ሄደች።

አንደኛው ክፍል ስትደርስ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሠራተኛ በየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስጠጋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ራሱ መዝገብ በእጁ ይገለብጣል። እኛ የምንደረድረው በሰነድ ቁጥር ነበር፤ እርሱ የሚፈልገው በፕሮጀክት ተለይቶ ነው። ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። በሁለተኛው ክፍል የቀደሙት ወራት ሪፖርቶች መደርደሪያ ላይ ተቆልለዋል፤ የታሰሩበት ክር እንኳ አልተፈታም። የሦስተኛው ክፍል ኃላፊ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ገጽ የሚያስፈልጋቸው አንድ ድምር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ወሩ በገባ በሁለተኛው ቀን ይፈልጉታል፣ እኛ በአምስተኛው እናደርስላቸዋለን። ለዓመታት አንድም ሰው አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ስብሰባ ላይ ተነሥታ «አሠራራችሁ ኋላ ቀር ነው» አላለችም። ያየችውን በግማሽ ገጽ ጽፋ ለኃላፊዋ ሰጠች፤ የድርደራውን ለውጥም በአንድ ወር ሪፖርት ላይ ብቻ ለመሞከር ፈቃድ ጠየቀች። ብዙ ሳይቆይ ከሌሎቹ ክፍሎች ስልክ ሲደወል የሚጠራው የእርሷ ስም ሆነ።

በኮምፒውተር መላላክ በበዛበት ዘመን ይህ ሁሉ እግር ማንቀሳቀስ ለምን ትሉ ይሆናል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መሐንዲሶችን አጥንተው፣ በሁለት ሰዎች ጠረጴዛ መካከል ያለው ርቀት በጨመረ መጠን የሥራ ንግግራቸው በፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ሃምሳ ሜትር ገደማ ሲደርስም ከኢምንት እንደማይሻል አሳይተዋል። ሌላ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በራሱ ጊዜ መጥቶ ችግሩን አይነግራችሁም። ሄዳችሁ ጠይቁት።

ስህተት መሥራታችሁ አይቀርም። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ሲያጠኑ፣ በደንብ የሚሠሩት ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ እነዚህ ቡድኖች ብዙ ስህተት ያስመዘገቡት ሳይፈሩ ስለሚናገሩት እንደሆነ ኋላ ላይ ተረዱ። እናንተም ስትሳሳቱ ለኃላፊያችሁ ምን እንደተፈጠረ፣ ማንን እንደሚነካና ለማረም ምን እንደጀመራችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። «ኮምፒውተሩ ነው»፣ «አልተነገረኝም» የሚሉትን ተዉአቸው፤ እውነት ቢሆኑም ሰሚ የላቸውም።

ስለ ሰዎች ብዙ አልልም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠጋ ብሎ ማን ከማን እንደተጣላ የሚዘረዝርላችሁን በትሕትና ስሙት፣ ወገን ግን አትያዙ። የጥበቃውንና የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ስም ቀድማችሁ ያዙ፤ የጠፋ ፋይል የሚያገኝላችሁ ዋና ሥራ አስኪያጁ አይደለም። «እኛ የነበርንበት ቦታ እንዲህ አይደለም» የሚለውን ንግግር ደግሞ ቢያንስ ለግማሽ ዓመት ከአፋችሁ አታውጡት። እኔ ራሴ እንዲህ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «ታዲያ ለምን ለቀህ መጣህ?» ማለት ያምረኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ከቦታው ጋር ለመላመድ ብላችሁ እንዳትለሳለሱ፤ እርሱም ፊርማ ነው። አዲስ ገቢ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚረከበው በጥድፊያ ነው። የለቀቀው ሰው ይቸኩላል፣ ኃላፊው ይቸኩላል፣ የርክክብ ሰነዱ ፊታችሁ ይቀመጣል፣ «ይህ ለሥርዓቱ ያህል ነው፣ ፈርም» ይባላል። ካዝና ከሆነ ቁጠሩ፤ ንብረት ከሆነ መለያ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ፤ ፋይል ከሆነ ከፍታችሁ እዩ። ጊዜ ካልተሰጣችሁ ካላያችሁት ዕቃ ትይዩ «አልተቆጠረም» ብላችሁ ጽፋችሁ ቀኑን አስፍሩና ከዚያ ፈርሙ፤ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ። የቀድሞው ሠራተኛ ቀድሞ ሄዶ ከሆነ ሦስተኛ ሰው ባለበት እንዲቆጠር በጽሑፍ ጠይቁ። ደህና ኃላፊ በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ያከብራችኋል። የሚቆጣ ካጋጠማችሁ ግን የሥራ ማስታወቂያ ማንበባችሁን ገና አታቁሙ።