ፍሳሹን ሳትቀላቅሉ ያዙት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሲጠብቅ ከተማው ሥራ ያጣል ወይስ የተሻለ ሥራ ያገኛል? አምስቱን መርጠናል። የጀመርነው መጠንና አሠራር ከሚፈልገው ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን የጠየቁንም ከመልሳችን ከፊሉን እዚያው ያገኙታል።

ከሞጆ፣ በቆዳ ፋብሪካ የምርት ኃላፊ

«ፋብሪካችን በቀን ወደ 3 ቶን ቆዳ ያለፋል። ተቆጣጣሪዎች በፍሳሻችን ውስጥ ያለው ክሮም ከወሰኑ በላይ ነው ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉልን። ባለቤቱ ትልቅ ማጣሪያ ለመግዛት ብድር ሊወስዱ ነው። ይህ ገንዘብ ከንቱ ወጪ ነው ወይስ የሚመለስበት መንገድ አለ?»

ባለቤቱ ብድሩን ከመፈረማቸው በፊት ሒሳቡን ከድራሙ፣ ቆዳው እየተሽከረከረ ከሚለፋበት በርሜል ጀምሩ። በተለመደው አሠራር፣ ከኖራ ወጥቶ ሥጋው ለተገፈፈ 1 ቶን ቆዳ 8 በመቶ፣ ማለትም 80 ኪሎ ቆዳውን የሚያለፋው የክሮም ዱቄት ይገባል። ቆዳው የሚጠጣው ከዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው። ቀሪው ከ24 እስከ 32 ኪሎ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በ3 ቶን ሲሰላ በቀን ከ72 እስከ 96 ኪሎ፣ በ25 ኪሎ ከረጢት ሦስት ወይም አራት ከረጢት ማለት ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ። ማስጠንቀቂያው ላይ የሰፈረው ቁጥር ይኸው ከረጢት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ግንባታ አይጠይቅም። ክሮም በሚገባበት ድራም ውስጥ ውሃውን ቀንሱ፤ መጨረሻው ላይ ሙቀቱን ወደ 40 ዲግሪ አድርሱ፤ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ፣ ሲወጣ አሲዱ ይቀንሳል) ቀስ በቀስ ወደ 3.8 እና 4.0 አውጡ፤ ጊዜውንም አርዝሙ። ቆዳው የሚጠጣው ክሮም ከ80 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ፒኤቹን በችኮላ ያወጣ ሰው ግን ክሮሙን ላዩ ላይ ብቻ ያስይዘዋል፤ መሃሉ ጥሬ ይቀራል፣ ቆዳው በፈላ ውሃ ሲፈተን ይኮማተራል። ከወፍራሙ ቦታ ቆርጣችሁ ሰማያዊው ቀለም እስከ መሃል መዝለቁን ሳታዩ ፒኤቹን የሚያወጣውን ሶዳ አትጨምሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው መስመር መለየት ነው፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የምንለምናችሁም እዚህ ላይ ነው። ጸጉር የሚነቅለው የኖራና የሰልፋይድ ውሃ በአንድ ቦይ፣ የክሮሙ በሌላ፣ ማጠቢያውና ማቅለሚያው በሦስተኛ ይሂዱ። ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ከአሲዳማው የክሮም ውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ጉድጓድ ለመጥረግ የሚወርድ ሠራተኛ የጋዝ መለኪያ፣ የታሰረበት ገመድና ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖረው አይውረድ። የወደቀ ባልደረባውን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ ዘሎ የሚገባ ሰው እዚያው ይቀራል።

መስመሩ ከተለየ በኋላ ክሮሙን መልሶ መያዝ ይቻላል። ለእናንተ መጠን እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ኩብ የሚይዙ ሁለት ገንዳዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ያጠልላል። ውሃው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይለፍ፤ የሚንሳፈፈው ሞራም ይገፈፍ። ሞራው ካልወጣ መልሳችሁ የምትጠቀሙበት ክሮም በሌጦው ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ከዚያ እያማሰላችሁ ፒኤቹ ከ8 እስከ 8.5 እስኪደርስ ክሮሙን የሚያሰፍረውን ማግኒዥየም ኦክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ሰዓታት ይፈጃል። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት የጠለለውን ውሃ ወደ ዋናው ማጣሪያ ልቀቁና ከታች የሰፈረውን አረንጓዴ ዝቃጭ ፒኤቹ 2.5 አካባቢ እስኪሆን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙት፤ አሲዱ ወደ ዝቃጩ ቀስ ብሎ ይግባ እንጂ ዝቃጩ ወደ አሲዱ አይደፋ። የወጣውን ፈሳሽ በቤተ ሙከራ አስለክታችሁ ከአዲሱ ክሮም ጋር ከሲሶ ሳይበልጥ ቀላቅሉት። መጀመሪያ በትንሹ ድራም ሞክሩት።

ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲጠፋ በካስቲክ ሶዳ መተካት ይቻላል፤ ግን ዝቃጩ እንደ ተነደፈ ጥጥ ይነፋና በአንድ ሌሊት አይሰፍርም፤ ፒኤቹም በቀላሉ ከ10 ያልፍና የሰፈረው ክሮም መልሶ መሟሟት ይጀምራል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ስትገዙም ለምድጃ ጡብ የሚሆነውን፣ በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለውን ዓይነት አትቀበሉ። እሱ ቀኑን ሙሉ ቢማሰልም አይሟሟም።

አሁን ወደ ብድሩ። ከድራሙ የሚወጣው ክሮም ከቀነሰና የክሮሙ መስመር ከተለየ፣ የምትገዙት ማጣሪያ ከታሰበው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማጣሪያውን መጠን የምትወስኑት ከለውጡ በኋላ በተለካ ፍሳሽ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ብክለት ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ በአካባቢ ባለሥልጣኑ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ነው። ማረጋገጫውን ዕቃው ሳይታዘዝ ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፣ የላቫጆ ባለቤት

«በቀን 30 መኪና አጥባለሁ። ውሃው ወደ ጎርፍ ቦይ ስለሚገባ እንድዘጋ ተነገረኝ። በአነስተኛ ቦታ ምን መሥራት እችላለሁ?»

የጎርፍ ቦይ ማጣሪያ የለውም፤ የገባበት ሁሉ ቀጥታ ወንዝ ነው። ለእርስዎ የሚበቃው 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓድ ነው። በጣም በተጨናነቀው ሰዓት 1 ሜትር ኩብ ቢገባ እንኳ ውሃው 3 ሰዓት ያህል ይቆያል። የመጀመሪያው ክፍል 1.5 ሜትር ይሁን፤ አሸዋና ጭቃ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ሁለተኛው 1 ሜትር፣ ለዘይት። ሦስተኛው የቀረው ግማሽ ሜትር።

ዋናው ብልሃት ያለው ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው በሚያሻግረው ቱቦ ላይ ነው። አፉ በክርን ወደ ታች ታጥፎ ከውሃው ገጽ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቅዳ፤ የተንሳፈፈው ዘይት ከኋላው ታግዶ ይቀራል። ግንበኛው ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ከተከለው ጉድጓዱ ለስም ብቻ ይሆናል፣ ዘይቱም ቀድሞ ያልፋል።

የሚያበላሸው ደግሞ ሳሙና ነው። ጠንካራ ሳሙና ዘይቱን ወደ ደቃቅ ጠብታ ይበትነውና እንደ ወተት ያነጣዋል፤ ያ ዘይት አይንሳፈፍም። ስለዚህ ሞተር የሚታጠብበትን ቦታ ለይተው ውሃውን በበርሜል ይያዙ። የተቃጠለ ዘይትም በራሱ በርሜል ይቀመጥ፤ ቤንዚን ወይም የራዲያተር ፈሳሽ ከተቀላቀለበት ገዢ አያገኝም። ጭቃው የመጀመሪያውን ክፍል ሲሶ ሲሞላ ይወጣል እንጂ እስኪደፈን አይጠበቅም።

በተራ ጎማ አንድ መኪና 150 ሊትር ቢወስድ በቀን 4,500 ሊትር ነው። ከፍተኛ ግፊት ባለው ማጠቢያ ወደ 70 ሊትር ከወረደ 2,100 ሊትር ይሆናል። ከሦስተኛው ክፍል የወጣውን በአሸዋ አጥልለው በሮቶ ቢያጠራቅሙት ለመጀመሪያው ማራሻና ለመኪናው ሆድ ይበቃል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን ንጹሕ ውሃ ይሁን፤ የተመላለሰ ውሃ ጨው ስለሚከማችበት መስታወት ላይ ነጭ ነጥብ ይተዋል።

ከባሕር ዳር፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪ

«አንዱ መምህራችን ጥብቅ ሕግ ፈጠራን ያመጣል ይላሉ፤ ሌላው ድሃ አገርን ያደኸያል ይላሉ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቱን ልያዝ?»

ፈጠራን ያመጣል የሚለው ሐሳብ በሰፊው የሚታወቀው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረበው መልክ ነው፤ ብክለት ብክነት ስለሆነ፣ በደንብ የተቀረጸ ሕግ ድርጅቱ ያላየውን ብክነት እንዲያይ ያስገድደዋል፣ ወጪውም በከፊል ወይም በሙሉ ይመለሳል። ክርክሩ ያለው «በደንብ የተቀረጸ» በሚለው ላይ ነው። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ከመኪና ጭስ የሚወጡት ዋና ዋና በካዮች በአምስት ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ ጠየቀ። የአገሪቱ ታላላቅ አምራቾች አይቻልም አሉ። ወሰኑን ያለ ካታላይዘር (ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ) ያሟላው ከጃፓን የመጣው የሆንዳ ሲቪሲሲ ሞተር ነበር። ሕጉ የወሰነው የጭሱን መጠንና ቀኑን እንጂ መሣሪያውን አልነበረም፤ ለፈጠራ ቦታ የተገኘውም በዚያ ነው።

የሁለተኛው መምህር ስጋትም መሠረት አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ ጣለች። ዓላማው እሴት መጨመር ነበር። ነገር ግን በአሲድና በጨው ብቻ ተዘጋጅቶ ይሸጥ የነበረው ሌጦ አገር ውስጥ ሲጠናቀቅ ክሮሙና ማቅለሚያውም አብረው እዚሁ ቀሩ። የሞጆ ወንዝ ቆቃ ይገባል፤ ከቆቃ የሚወርደው አዋሽ ወንጂን ያጠጣል፣ አዳማም የምትጠጣው ከእሱ ነው። ላይኛው ከተማ ያተረፈው ሥራ በታችኛው ከተማ የውሃ ማጣሪያ ወጪ ሆኖ ሊከፈል ይችላል። የአንድን ከተማ እድገት ብቻ ለይቶ የሚመዝን ጥናት ይህን አያየውም፤ በእኛ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ መንገድ ያሳያል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ብክለት የሚሄድበት አያገኝም። ስለዚህ ፓርኩ ሲነደፍ ጀምሮ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ የጋራ ማጣሪያ ተሠራለት። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለአንድ ፋብሪካ አይደፈርም፤ ለብዙዎች ሲከፋፈል ይቻላል። ኤሌክትሪክ በብዛት ይበላል፣ በመጨረሻም ጨውና ዝቃጭ ያስቀራል፤ ለእነሱ ማስቀመጫ ካልታሰበ ችግሩ ከውሃ ወደ መሬት ይዛወራል።

ለጽሑፍዎ የድርጅቶችን ትርፍ ብቻ አይሰብስቡ፤ ትርፍ በምንዛሪና በገበያ ይዋዥቃል። በአንድ ቶን ምርት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ፣ ስንት ኪሎ ኬሚካል፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ ከቁጥጥሩ በፊትና በኋላ ያነጻጽሩ። ቁጥጥሩ የጀመረበትን ቀን ሕጉ ከወጣበት ቀን ሳይሆን ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ናሙና ከወሰደበት ቀን ይቁጠሩ።

ከአዳማ፣ የፌስታል አከፋፋይ

«ፌስታል በ2017 በጸደቀው አዋጅ ተከለከለ። ቀጭኑ ግን ከ1999 ጀምሮ ክልክል ነበር ይባላል። ያኔ ለምን አልተያዘም? አሁንስ ምን ልሽጥ?»

አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከለከለው ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ የማይበሰብሰውን ነበር። ይህን ውፍረት በዓይን የሚለይ የገበያ ተቆጣጣሪ የለም። በሚዛን ግን ይቻል ነበር፦ 30 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ከረጢት ሁለቱ ገጹ 2,400 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ በ0.03 ሚሊሜትር ውፍረት 6.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። አሥሩ 67 ግራም ካልሞሉ ቀጭን ናቸው። በቦታው የማይለካ ወሰን ሐቀኛውን አምራች ይጎዳል፤ ወፍራም ፕላስቲክ የሚገዛው እሱ ብቻ ይሆናልና።

የጨርቅ ከረጢትና ዘምቢል የሚያዋጣው ደጋግሞ ለሚይዘው ሰው ነው፤ ስለዚህ ስፌቱንና ማንጠልጠያውን እየጎተቱ ፈትነው ይግዙ። «ይበሰብሳል» ተብሎ የሚቀርብልዎትን ፕላስቲክ በቃል አይመኑ። አንዳንዱ በፀሐይ ተሰባብሮ ደቃቅ ፕላስቲክ ከመሆን አያልፍም። እንደ ኢኤን 13432 ያለ የመበስበስ ደረጃ ማሟላቱን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ።

ከአቃቂ፣ የወንዝ ዳር ነዋሪ

«ከላይ ያለ ፋብሪካ ሌሊት ቀለም ያለው ውሃ ይለቃል። ጎመኑ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ቦታው የእኔ ስላልሆነ መክሰስ አልችልም አሉኝ። እውነት ነው?»

አይደለም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ባለሥልጣን አቤት እንዲል መብት ይሰጠዋል። አቤቱታውን በጽሑፍ ያስገቡና በቅጂዎ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረኩ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ቀነ ገደቡ ካለፈበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ስልሳው ቀን እንዳያልፍብዎ።

ቅጠላ ቅጠል ከባድ ብረቶችን ወደ ውስጡ ይስባል፤ ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ውስጥ የገባውን አያወጣም። በዚያ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ለልጆች አይስጡ።

ለማስረጃ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ናሙና ከሦስት ቦታ ይያዝ፦ ከቱቦው በላይ፣ ከራሱ ከቱቦው፣ ከቱቦው በታች። ከላይኛው ካልተወሰደ ፋብሪካው «ቆሻሻው ከእኔ በፊት የነበረ ነው» ቢል መልስ የለዎትም። ቢቻል ጠርሙሱን ከቤተ ሙከራው ይውሰዱ፤ ለብረት ምርመራ የሚሆነው አሲድ ስለሚጨመርበት እንዳያለቀልቁት። አሲድ የሌለበትን ግን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እስከ አፉ ይሙሉት። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጻፉበት፣ ሁለት ምስክር ያስፈርሙ፣ በበረዶ አድርገው በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ።