«ካልፈረመልኝ እንዴት እመረቃለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። በአንድ የግል ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። አሁን አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ነን። ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ላይ የሚቆጣጠረን ሰው መጀመሪያ «ቆንጆ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ቀጥሎ መድኃኒት ሳዘጋጅ ወገቤን መያዝ ጀመረ። በቅርቡ ደግሞ «ሎግ ቡክሽን ቤቴ ይዘሽ ነይ፣ እፈርምልሻለሁ» አለኝ። ሎግ ቡክ የሠራነው ተመዝግቦ የሚፈረምበት ደብተር ነው። እንቢ ስለው ናይት (የሌሊት ተራ) መደበኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። መርፌ ስወጋ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛዬ «ቻዪው፣ ሊያልቅ ነው» ትላለች። ልቻለው ወይስ ትምህርቱን ልተው? ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አትታገሺው። ትምህርትሽንም አትተዪ።

ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም። ብዙዎቻችን ነርሶች «ቻዪው» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ግን ይህን ቃል ለማንም ተማሪ አልመክርም። የዓለም ጤና ድርጅት የሰውን የኑሮ ጥራት ሲለካ አካሉን፣ አእምሮውን፣ ማኅበራዊ ግንኙነቱንና አካባቢውን ያያል። ደብዳቤሽን ሳነብ አራቱም ተነክተውብሻል። የእጅሽ መንቀጥቀጥ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ዛሬውኑ ደብተር ያዢ። ቻርት እንደምትሞዪው ጻፊ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን አለ፣ ማን አየ። «አስቸገረኝ» አይበቃም። «መድኃኒት ክፍል ውስጥ ወገቤን ያዘኝ» በዪ። የላከልሽ መልእክት ካለ አታጥፊው።

ከዚያ ለኮሌጅሽ ዲን በጽሑፍ አመልክቺ። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቺ። የቃል አቤቱታ በየቢሮው ሲንከባለል ብዙ አይቻለሁ። የምትፈልጊውንም በግልጽ ጻፊ፦ ሌላ ተቆጣጣሪ ይመደብልኝ፣ የሠራሁትን አዲሱ ተቆጣጣሪ አይቶ ይፈርምልኝ። አብረውሽ የሚሠሩት ነርሶች ሥራሽን አይተዋል፤ ምስክር ይሆኑሻል። ሌሎች ተማሪዎችንም በእርጋታ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ሰው አንቺን ብቻ ነው የሚነካው ብዬ አላምንም።

ሕግም አለልሽ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625፣ በአስተማሪነቱ ወይም በአሠሪነቱ ሥልጣን ተጠቅሞ ከሴት ግብረ ሥጋ ወይም ሌላ የብልግና ድርጊት የሚያገኝን ሰው በእስራት ይቀጣል። ክሱ የሚነሣው ተበዳይዋ ስታመለክት ነው። ኮሌጁ ካንገራገረ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዘንድ ሂጂ። ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

አይድረስብሽና የከፋ ነገር ቢመጣ፣ ሳትታጠቢ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም ሕጉንም በአንድ ቦታ የምታገኚበት ማዕከል አለ። ከቱሉ ዲምቱ ራቅ ይላል። ግን ስለ ርቀቱ ብለሽ አትቅሪ።

ናይት ስትገቢ ሲነጋ ውጪ፤ በጨለማ ታክሲ ፍለጋ አትንከራተቺ። ሎግ ቡኩን ይዘሽ ቤቱ አትሂጂ፣ ከጓደኛሽ ጋር ሆነሽም ቢሆን። ፊርማ የሚጠየቀው ዋርድ ላይ፣ ሰው ባለበት ነው። ዲኑ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።