«ሳርዶኒክ» ብለሽ ሲቪ ላይ እንዳትጽፊ

«ሳርዶኒክ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጫዋች ማለት ነው? ሲቪዬ ላይ ላስገባው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አቦ ተይው! እኔ አስገብቼው ያገኘሁትን አግኝቻለሁ።

1. ተጫዋች ማለት አይደለም። መራራ ፌዝ ነው። ፈገግታው አለ፣ ደስታው የለም። የኛ «የለበጣ ሳቅ» ይቀርበዋል፣ ትንሽ ምሬት ጨምሪበት። አብዛኛውን ጊዜ ከፈገግታ፣ ከሳቅ ወይም ከአስተያየት ጋር ነው የሚመጣው።

2. ከሳርካስቲክ ጋር አታምታቺው። ሁለት ሰዓት ያስጠበቀሽን ጓደኛ «ምነው ቸኮልክ?» ካልሽው ሳርካስቲክ ነው፤ ሰውየውን ወጋ አድርገሽዋል። በግንቦት ሙቀት መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ሲቆም፣ «እሰይ፣ ብርድ ሊመታን ነበር» ብሎ ከንፈሩን ጠመም የሚያደርግ ሰው አለ አይደል? ሳርዶኒክ እሱ ነው። ሰው ላይም ሊያሾፍ ይችላል፣ ግን ከምሬት ነው የሚነሳው።

3. ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ ቢሮ ለደንበኞች አገልግሎት ተወዳደርኩ። ማመልከቻዬ ላይ «ሳርዶኒክ ነኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቀልደኛ ነኝ ማለቴ ነበር። ሴትዮዋ ጮክ ብላ ለባልደረቦቿ አነበበችው። «ታዲያ ደንበኞቻችን ላይ ልታሾፍ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ሦስቱም ሳቁ። መሳቁስ ይሁን፣ አንዳቸው እንኳ ትርጉሙን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እንግሊዝኛ ለነሱ ብቻ የተሰጠ ይመስል!

ትርጉሙን የነገሩኝ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ፈረንሳይኛቸው እንደ ውሃ ነው። «ሪር ሳርዶኒክ»፣ ሳርዶኒክ ሳቅ አሉና አፋቸውን አጣመው አሳዩኝ። የጥንት ግሪኮች ቃሉን ከሰርዲንያ ደሴት ጋር ያያይዙታል። እዚያ የሚበቅል መርዛም ተክል የበላ ሰው ፊቱ ተኮማትሮ፣ የሚስቅ መስሎ ይሞታል ይሉ ነበር። ሐኪሞችም የመንጋጋ ቆልፍ በሽተኛ ፊቱ ሲኮማተር በላቲን በዚሁ ስም ይጠሩታል። እንግዲህ እኔ ሥራ ስጠይቅ የሬሳ ሳቅ አለኝ ብዬ ነበር ማለት ነው።

አሁን ሳቢያን ውስጥ ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ይህን ቃል የሚሳሳት ተማሪ የለኝም፣ ልኩራበት።

4. አራተኛም ነበረኝ፣ ሴትዮዋ ትዝ ስትለኝ ጠፋብኝ። ብቻ የዚያን ቀን ስወጣ ጥበቃው «ተሳካ ወይ?» አለኝ። «እንዴታ፣ ሰኞ ሥራ አስኪያጅ ያደርጉኛል» ብዬ ሳቅሁ። ያቺን ሳቅ ነው ሳርዶኒክ የሚሏት።