ዋርካው ሥር የጠበቁኝ ሰዎች

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። ለምርጫ ልትወዳደር እያሰበች ነው። «ጋሼ፣ ያኔ ሳምንቱን እንዴት አድርገው ነበር የሚያብቃቁት?» አለችኝ። እኔም ፈጠን ብዬ «ማክሰኞና ሐሙስ ስብሰባ፣ ሰኞና ረቡዕ ኮሚቴ፣ ዓርብ መንገድ፣ ቅዳሜና እሑድ ሕዝቡ ዘንድ» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንደዚያ የኖርኩት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምታስቡ ልጆችም እውነቱን ልጻፍ።

ከ1998 እስከ 2002 ከምሥራቅ ጎጃም ተመርጬ ከ547ቱ የምክር ቤት አባላት አንዱ ነበርኩ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። መሐል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ። መራጩን የምናነጋግረው በዚያ እረፍትና በክረምት ነው ይባላል። የገበሬ ችግር ግን እረፍት አይጠብቅም። እኔም ሲመቸኝ ዓርብ ንጋት ላይ ከመናኸሪያ አውቶቡስ ይዤ እወጣ ነበር። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈናል። ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ይግልና ረዳቱ በጀሪካን ውኃ ይዞ ይወርዳል። ደጀን ላይ ምሳ። ያ ምሳ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

በ1999 ግንቦት ላይ አንድ ቀበሌ ለቅዳሜ ጠራኝ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ ይሻገራሉ። ወንዙ በበጋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ሲሞላ ግን በሬ ይወስዳል። ሰዎቹ በደቦ ድንጋይ ለቅመው፣ አሸዋ በአህያ ጭነው ዳር ላይ ከምረዋል። የቀራቸው ሲሚንቶና ብረት ነው። የወረዳው ኃላፊዎች በተገኙበት አብሬያቸው ቆሜ «ክረምቱ ሳይገባ ስጧቸው» እንድል ብቻ ፈለጉ። እመጣለሁ አልኩ።

ሐሙስ ከስብሰባ ስወጣ ስልክ ተደወለ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በቀጥታ የሚተላለፍ የሬዲዮ ውይይት አለ፤ ርእሱ የገጠር መንገድ ነው፤ ይገኙልን። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ እዚያ ብሄድ የሚሰማኝ ሃምሳ ሰው ነው፣ እዚህ ግን አገር ይሰማኛል። ለእነሱም ቢሆን ይህ ይበልጣል። ወረዳ ደውዬ «ንገሩልኝ» አልኩ። መልእክቱ አልደረሰም። ደርሶ እንደሆነ መልሼ አልጠየቅኩም።

የሆነውን የሰማሁት ሐምሌ ላይ ስሄድ ነው። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። የድንጋዩን ክምር ሣር ውጦታል። መንገድ ላይ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ያን ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ዋርካው ሥር ተሰብስበው ነበር። ሴቶቹ ጠላ ጠምቀዋል፣ ቆሎ ቆልተዋል። አንድ ልጅ ትንሽ ሬዲዮ ይዞ ነበር። ከፈተው። ድምፄ መጣ።

«ዝም በሉ አልኳቸው። እሱ ነው፣ ስሙት አልኳቸው» አሉኝ። «እስኪያልቅ ሰማንህ። ስለ እኛ ደህና አድርገህ ተናገርክ። ከዚያ አንዷ ሴት፣ ‹እዚያ ሆኖ እየተናገረ እዚህ በምን ይደርሳል?› አለች። ጠላውን ጠጣንና ተበተንን።»

ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ከልባቸው እያመሰገኑኝ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወንዙ አልጎደለም ነበርና ልጆቹ እስከ ጥቅምት ቤት ዋሉ። ድልድዩ የተሠራው በዓመቱ ነው። ምርቃቱ ላይ ሪባኑን ቁረጥ ተባልኩ፣ ቆረጥኩ። አሁንም ያሳፍረኛል።

የእናንተን ጊዜ ሳይ ይህ ነገር ብሶ አየዋለሁ። ገበሬ ዘንድ ሄዳችሁ ገና ሳትቀመጡ ስልክ ይወጣል፣ ፎቶው ማታ ፌስቡክ ላይ ነው። በሌላ በኩል እናንተ በጀት አንብባችሁ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ ብዙ ረቂቅ ሳናነብ እጅ አውጥተናል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ሚዲያውን ተዉት አልልም። አንድ ጤና ጣቢያ ለወራት መድኃኒት አጥቶ ደብዳቤ ብንጽፍ፣ ብንመላለስ ሰሚ ጠፋ። በሬዲዮ አንዴ ብናገረው በሳምንቱ ተጫነ። እንግዲህ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ዛሬም መልስ የለኝም። ከፊቴ ያሉትን ሰዎች ትቼ ለማላያቸው መናገሬ ግን ትክክል አልነበረም።

መድረክ ላይ መቀመጥም ሌላ ፈተና ነው። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ሄጄ የክብር ወንበር ተሰጠኝ። ፈረሶቹ በየጌጣቸው ሲያልፉ ከወንበሬ ብድግ ብዬ አጥሩ ጋ ሄድኩ። አንድ ፈረሰኛ ጎንበስ ብሎ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ነገረኝ። ያን ቀን ከሰማሁት ንግግር ሁሉ የያዝኩት እሱን ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ዛሬ ጎጃም ውስጥ መንገድ መውጣት ራሱ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። መቅረትሽ ግድ ከሆነ ለወረዳ አትደውዪ። እዚያው ቀበሌ ውስጥ ሰው ፈልጊና ራስሽ ንገሪው፤ ደግሞ ማታ መልሰሽ ደውዪለት። መንገዱ ሰላም ከሆነና ለቅዳሜ ከጠሩሽ ግን ዓርብ ማታ ደጀን እደሪ።