«ጠፋኝ» እና «ጠፍቶኛል» በእንግሊዝኛ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ «አይ ሎስት ማይ ኪ» እና «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ሁለቱም ቁልፌ እንደጠፋኝ የሚናገሩ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከ«ዲድ» በኋላስ «ዌንት» ማለት ለምን ስህተት ይሆናል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ድርጊቱን ባለፈው ጊዜ ዘግቶ ስለሚያስቀምጠው ቁልፉ በኋላ ይገኝ አይገኝ አይነግረንም፤ ሁለተኛው ግን ውጤቱን እስከ አሁን ይዞ ስለሚመጣ ሰሚው ቁልፉ ገና እንዳልተገኘ ይረዳል። በአማርኛ «ጠፋኝ» እና «ጠፍቶኛል» ስንል የሚሰማን ልዩነት፣ ፍጹም አንድ ባይሆንም፣ ለዚህ ይቀርባል። መንገዱ የሚለያየው የጊዜ ተውሳከ ግስ ሲጨመር ነው፤ እኛ «ትናንት ጠፍቶኛል» ብንል ማንም አይገረምም፣ እንግሊዝኛው ግን «የስተርደይ»ን ከ«ሃቭ ሎስት» ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አያስተናግድም፤ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱትም፣ በእኔ ግምት፣ እዚሁ ላይ ነው።

የ«ዲድ» ጉዳይ አጭር ነው፤ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ራሱ ስለተሸከመ ዋናው ግስ ወደ መነሻ ቅርጹ ተመልሶ «አይ ዲድንት ጎ» ይባላል። በነገራችን ላይ፣ «ዌንት» ከ«ጎ» ጋር ጨርሶ የማይመሳሰለው «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግስ የተወሰደ በመሆኑ ነው።