አረብኛው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥሩ ለምን ተገለበጠ?

ወንድሜ፣ የአማርኛውን ገጽ በአረብኛ፣ በዕብራይስጥና በጃፓንኛ ልታወጣ ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ውስጥ «ዳይሬክሽን» የሚለውን የአቅጣጫ ትእዛዝ አስገብተህ ጽሑፉ ቢዞርም ስልክ ቁጥሩ ተዘበራረቀ ብለሃል።

መጀመሪያ አቅጣጫውን ከሲኤስኤሱ አውጣና የኤችቲኤምኤሉ (የገጹ መዋቅር ኮድ) ዋና ታግ ላይ አድርገው፦ «ላንግ» (ቋንቋው) ኤአር፣ ማለትም አረብኛ፣ «ዲር» (አቅጣጫው) አርቲኤል፣ ማለትም ከቀኝ ወደ ግራ። ሲኤስኤሱ ሳይጫን ቢቀር እንኳ አቅጣጫው አይበላሽም። ከዚያ «ማርጂን-ሌፍት» (የግራ ህዳግ) ያለበትን ሁሉ ጽሑፉ በሚጀምርበት ጎን ህዳግ በሚሰጠው በ«ማርጂን-ኢንላይን-ስታርት» ተካ፤ ለየቋንቋው ሌላ ፋይል ከመያዝ ትገላገላለህ።

ወደ ስልኩ እንምጣ። አረብኛም ዕብራይስጥም ከቀኝ ይጀምሩ እንጂ አሃዞቹ ከግራ ወደ ቀኝ ናቸው። መሀል ላይ ክፍት ቦታ ሲገባ ግን ቁጥሩ ይከፋፈልና ቁርጥራጮቹ ከቀኝ ይደረደራሉ። «+251 11 000 0000» ብለህ የጻፍከው «0000 000 11 251+» ሆኖ ቁጭ ይላል። በክፍት ቦታው ፋንታ ጭረት ብታደርግ ዕብራይስጡ ላይ ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል፣ ፕላሷ ብቻ ቀኝ ትቀራለች። አረብኛው ላይ ግን እንደተገለበጠ ነው፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚይዙበት የጋራ ደረጃ) ከአረብኛ ፊደል ቀጥሎ የመጣን ቁጥር በሌላ ዓይነት ስለሚመድበው ጭረቷ አታያይዘውም። ዕብራይስጡን ብቻ ፈትሾ «ተፈታ» ማለት እዚህ ላይ ያሳፍራል። መድኃኒቱ ቁጥሩን በ«ስፓን» ታግ ከብቦ «ዲር» ኤልቲአር (ከግራ ወደ ቀኝ) መስጠት ነው። ተጠቃሚው ራሱ የሚያስገባው ስም አማርኛም አረብኛም ሊሆን ስለሚችል የውስጡን ጽሑፍ አቅጣጫ ከዙሪያው በሚነጥለው «ቢዲአይ» ታግ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ አጠገቡ ያለውን ቅንፍና ቁጥር ያተራምሳል።

አረብኛ ላይ «ሌተር-ስፔሲንግ» (በፊደላት መሀል የሚጨመር ክፍተት) ዜሮ ይሁን። ፊደሎቹ ተያይዘው ስለሚጻፉ 1 ፒክስል እንኳ ቃሉን ሊቆራርጠው ይችላል። የ«ተመለስ» ቀስት ይዙር፣ የቪዲዮ ማጫወቻው ሦስት ማዕዘን ግን አይነካ።

ጃፓንኛ ድረ ገጽ ላይ በአብዛኛው እንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። «ላንግ» ጄኤ (ጃፓንኛ) ካላልክ ብራውዘሩ የቻይንኛ ፎንት ሊያነሳ ይችላል፤ ብዙዎቹ ምልክቶች ለሁለቱም ቋንቋ አንድ ኮድ ስላላቸው ጽሑፉ ቢነበብም ቅርጹ ለጃፓናዊ ዓይን ይጎረብጣል። ቃላቱ መሀል ክፍተት ስለሌለ «ወርድ-ብሬክ» ኪፕ-ኦል (ቃል መሀል ላይ መስመር አይሰበር) የሚል ትእዛዝ ከሌላ ገጽ ገልብጠህ ከሆነ መስመሩ ከሳጥኑ ያልፋል፤ አጥፋው። ርዕሱን ቁልቁል ካማረህ «ራይቲንግ-ሞድ» ቨርቲካል-አርኤል (ቁልቁል፣ መስመሮቹ ከቀኝ ወደ ግራ) በለው፤ ቀን የሚያሳዩ ባለ 2 አሃዝ ቁጥሮች እንዳይጋደሙ ደግሞ ቁጥሩን ለብቻው ከብበህ «ቴክስት-ኮምባይን-አፕራይት» ኦል ጨምርለት።