የኮረሚው ቤት፦ ከጣሪያው ጀምሪ፣ ሲሚንቶውን ተዪው

እህቴ፣ ሐረር አጠገብ ባለችው የአርጎባ መንደር ኮረሚ ያለውን የአያትሽን የድንጋይ ቤት የእንግዳ ማሳደሪያ ማድረግ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ወንድሞችሽ «መጀመሪያ በሲሚንቶ ይለሰን» ብለውሻል። አንቺ ደግሞ ከምን ልጀምር ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ ውስጥ ያለውን የአያቴን ቤት ማደስ ስጀምር ልክ ወንድሞችሽ ያሉትን ነው ያደረግኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሲሚንቶ ለእኛ ቅርብ ነው። ድሬዳዋ ይመረታል፣ መኪና ጭኖ በር ላይ ያወርድልሻል። በሁለት ሳምንት ግድግዳው ተለስኖ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየልኝ። በሁለተኛው ክረምት ግን ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቀለሙ አበጠ። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ጫፉን በቢላ ብነካው የትሪ ስፋት ያለው ልስን በአንዴ ወረደ። ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ እጄ ላይ ተለጠፈ። ያን ቀን አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ከመሬት የሚወጣውም ከጣሪያ የሚሰርገውም እርጥበት በግድግዳው ፊት በኩል ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋዋል። ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይላላል፣ ድንጋዩም የሚይዘው ያጣል። ልስኑን ስናወርድ የረዱኝ አዛውንት ግንበኛ «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ያልበዋል፤ አንተ ላስቲክ አለበስከው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በኖራ ሠራነው። ኖራውን ጉድጓድ ውስጥ ከውሃ ጋር ለወራት አቆየነው። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ልጆች አይጠጉ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ቀላቅለን ስስ አድርገን ደራረብነው። ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ ስለሆነ አይቸኮልም።

አንቺ ግን ይህ ሁሉ ላያስፈልግሽ ይችላል። የጀጎል ቤት ነጭ ሲሆን ያምራል፤ የኮረሚ ቤት ውበቱ ያልተለሰነው ድንጋዩ ነው። እሱን መሸፈን በጣም ያሳዝናል። ከውጭ የድንጋዩን መጋጠሚያ ብቻ አድሺ።

ከሁሉ በፊት ግን ጣሪያው። ዘንድሮ ዝናብ ሲጥል ቤቱ ውስጥ ቁሚና ውሃ የወረደበትን ሁሉ በከሰል ምልክት አድርጊ። እንጨቶቹን አንድ በአንድ በቢላ ውጊ፤ ቢላው ቶሎ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለ። አሸንዳው ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ ማፍሰስ አለበት። መጸዳጃውንና ሻወሩን ከዋናው ቤት አውጥተሽ ጓሮ ሥሪ። በአሮጌ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧ አታስገቢ፣ በፍጹም።

ድንጋይ ከማንሳትሽ በፊት የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይታደስም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስለተመዘገበ እኛ ለምደነዋል፤ ገጠር ላይ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እያንዳንዱን ግድግዳም ፎቶ አንሺ።

ስለ እንግዶቹ አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ ጋ የሚመጡት ነደባው ላይ፣ ማለትም ሳሎኑ ውስጥ ባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ቁጭ ብለው ማን የት እንደሚቀመጥ ሲሰሙ ነው ደስ የሚላቸው። አምስቱም ነደባ የየራሱ ቦታና ክብር አለው። ቀይ የተቀባው በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚሉም አሉ፤ ይህን ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ ይላል። ግን ይህ የሐረሪ ቤት ነው። አንቺ የአርጎባን ቤት ነው የያዝሽው። ቀይ ነደባ ገልብጠሽ ኮረሚ አትውሰጂ። አያትሽ እህል የት ነበር የምታስቀምጠው? እንግዳ ሲመጣ የት ታስቀምጠው ነበር? እናትሽን ጠይቂና ጻፊው። ጠዋት ከደጃፉ የኤረር ሸለቆ ይታያል፤ እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃል።

በከሰል ያደረግሽውን ምልክት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አዛውንቱ ግንበኛ አሁንም ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር አካባቢ ናቸው፤ አሳያቸዋለሁ።